ማን ልበል?

ባለፈው ሐሙስ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ኮልፌ ታክሲ ይዤ ነበር። ረዳቱ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስለኝም። አንድ ሰው ትርፍ ሊጭን ፈልጎ ወደ እኔ ዞረና «ፋዘር፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ» አለ። ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላ ዞር አልኩ። ለካ ፋዘሩ እኔ ነኝ።

55 ዓመቴ ነው። «ጋሼ» መባሉን ከለመድኩት ቆይቻለሁ። ጋሼ ውስጥ እኮ ትንሽ ጉርምስና ይቀራል። ፋዘር ግን በቃ ጡረታ ነው፤ ለጡረታ ደግሞ ገና አምስት ዓመት ይቀረኛል። ቢሆንም ጠጋ አልኩለት። ምን አደርጋለሁ?

ቤት ስደርስ አባቴ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። «እንደምን ዋሉ አባባ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከወንበሩ ሊነሱልኝ ሞከሩ። ለእኔ!

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይቅርታ፣ ማን ልበል?»

በአንድ ከሰዓት ሁለት ጊዜ አንቱ ተባልኩ። የረዳቱን ስቄ አለፍኩት። ይኼኛውን ግን ጓዳ ገብቼ ውኃ ጠጥቼ ነው የመለስኩት።

እኛ ቤት አንቱታ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር የሚሄደው። እኛ አባባን «እርስዎ»፣ እሳቸው እኛን «አንተ ልጅ»። የራሴ ልጆች አንተ ነው የሚሉኝ፤ ወድጄ ነው ያስለመድኳቸው።

አባቴ ሾፌር ነበሩ። ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው፣ ከአዲስ አበባ አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ። የተወለዱት «ጣሊያን ሊወጣ ሲል» ነው ይላሉ፤ እንግዲህ 1933 አካባቢ መሆኑ ነው። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ እሳቸውም ቁልፉን አስረከቡ። እስከዚያ ድረስ አባትነታቸውን የማውቀው በሁለት ሌሊት ሁለት ሌሊት ነው። ናፍጣ ናፍጣ እየሸተቱ ይመጣሉ። ቴምር ያመጣሉ። አንድ ቀን ሙሉ ይተኛሉ፤ እኛ በሹክሹክታ እንጫወታለን። ከዚያ ደግሞ የሉም። እውነቱን ለመናገር ልጅ ሆኜ ሳያቸው «ማን ልበል?» ማለት የሚቃጣኝ እኔ ነበርኩ።

አሁን የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። መጀመሪያ የወሰድናቸው ሐኪም ቀና ብሎ እንኳን ሳያያቸው «እርጅና ነው» ብሎ ሸኘን። እሱን ተውት።

የገረመኝ፣ መንገዱን አለመርሳታቸው ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ… እያሉ ባሕሩ ድረስ ይወርዱታል። አንዲት ከተማ አይዘሉም። ምሳ መብላታቸውን ግን አያስታውሱም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጥፍራቸውን የምቆርጠው እኔ ነኝ። እግራቸውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆየዋለሁ፣ ምክንያቱም የአውራ ጣታቸው ጥፍር ቀንድ ሆኗል፤ ደረቁን አይበገርም። የዛሬ ሁለት ሳምንት መነጽሬን ቢሮ ረስቼ መጣሁ። ያለ መነጽር ጥፍርና ሥጋ የት ጋ እንደሚለያዩ አይታየኝም። ስልኬን በአንድ እጄ እንደ ባትሪ ይዤ፣ እግራቸውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ አንዴ ራቅ አንዴ ቀረብ እያልኩ ስታገል ቀኝ እግራቸው ድንገት መዳፌን ተጫነኝ። ቀስ አለ፣ ለቀቅ አደረገኝ፣ ደግሞ ተጫነኝ።

«አመመዎት?» አልኳቸው።

«ዝም በል፣ ቁልቁለት ነው» አሉኝ። ጣርማ በርን እየወረዱ ነው ለካ! ፍሬናቸው እኔ ነኝ። ደብረ ሲና እስኪደርሱ እጄን ሳላንቀሳቅስ ጠበቅኳቸው።

እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ከሄደች 24 ዓመቷ። እሁድ ስትደውል ስልኩን ጆሯቸው ላይ ገና ሳስጠጋው «ልጄ!» ይላሉ። ድምጿን ወዲያው ነው የሚለዩት። እኔ ደግሞ ስልኩን የያዘ ሰውዬ ነኝ። ቀናሁ። በ55 ዓመቴ፣ በራ ራሴን ይዤ፣ በእህቴ ቀናሁ። እሷ «አንድ ተጨማሪ አስታማሚ ቅጠር፣ ብሩን እኔ እልካለሁ» ስትለኝ «እዚህ የጎደለው ዶላር አይደለም» ብዬ ዘጋሁባት። ሁለት ሳምንት ተኳረፍን። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በኋላ አስታማሚዋን ቀጥረን ስናየው ደግሞ ከጎደለው ዋናው ዶላር ነበር።

ነገሩን የፈታችልኝ ባለቤቴ ናት። ሳሎን ግድግዳው ላይ በ1979 ፒያሳ የተነሳሁት ፎቶ አለ። ጎፈሬዬ ከፎቶው ሊወጣ ምንም አይቀረው። አባቴ ማታ ማታ እሱ ሥር ቆመው «ይኼ ልጅ ዛሬም አልገባም?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ሁልጊዜ «እኔ እኮ ነኝ አባባ» እያልኩ እከራከራቸዋለሁ። እሳቸውም ራሴን ያዩና በትሕትና ዝም ይላሉ። ባለቤቴ «አንተን እኮ አልረሱም» አለችኝ። «እየጠበቁህ ነው። ያረጀኸው አንተ ነህ።»

እህቴ ድምጿ አላረጀም። እኔ በየቀኑ ፊታቸው ላይ አረጀሁ።

ከዚያ ወዲህ መከራከሩን ትቻለሁ። ትናንት ማታ በረንዳው ላይ ሆነው እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ።

«ማን ልበል?»

«መንገደኛ ነኝ» አልኳቸው።

«ወዴት ነዎት?»

«ኮምቦልቻ።»

ሰማዩን አዩት። «መሽቷል። ደብረ ሲና አድረን ነው የምንሄደው፣ ይስማማዎታል?»

«ይስማማኛል። ሒሳቡስ ስንት ነው?»

ፊቴን ትንሽ ቆየት ብለው አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።

«ተወው ባክህ» አሉኝ። «ጋቢና ግባ።»