በድንቅነሽ ላይ የተጋረደው ጨርቅ

ደብዳቤው አጭርና ጨዋ ነበር። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በመጪው ሳምንት ሊጎበኙ ይመጣሉ፤ የኤሌክትሪክ፣ የጠፈርና የሰው አካል ክፍሎችን በጉጉት ይጠብቃሉ፤ ሆኖም የሰው ልጅ አመጣጥ የሚታይበት ክፍል ከወላጆች እምነት ጋር ስለሚጋጭ እንዲታለፍልን በአክብሮት እንጠይቃለን ይላል። ከሥሩ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ፊርማና የትምህርት ቤቱ ማኅተም አለበት።

እኔ የምሠራው በአንድ የሳይንስ ሙዚየም የትምህርት ፕሮግራም ክፍል ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤት የሚመጡ ልጆችን አስጎበኛለሁ፤ ለየክፍሉ የሚሆነውን ማብራሪያም አዘጋጃለሁ። ደብዳቤውን እንደ ደንቡ ለኃላፊዬ አቀረብኩ። ኃላፊዬ ቅን ሰው ናቸው፤ ከማንም ጋር መጋጨት አይወዱም። «ለአንድ ቀን አንድ ክፍል ቢቀር ምን ይጎድልብናል?» አሉኝና የጥገና ሠራተኛውን ጠሩት። በማግስቱ የድንቅነሽ አጽም ቅጂ የቆመበት መስታወት ነጭ ጨርቅ ተጋረደበት፤ ግድግዳው ላይ ያለው የዘመን ሰንጠረዥም በካርቶን ተሸፈነ።

ተቃውሞዬን ያን ዕለት በቃልም በጽሑፍም አቅርቤ ነበር። ይህች ምድር ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ድንቅነሽን (ሉሲን) ሰጥታለች። ከአራሚስ የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷን አርዲን፣ ከዲኪካ የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷን ሕፃን ሰላምን፣ ከኸርቶ የ160 ሺህ ዓመት፣ ከኦሞ ኪቢሽ ደግሞ ከ230 ሺህ ዓመት በላይ የሚገመት የእኛኑ ዝርያ ቅሪተ አካል ሰጥታለች። የዓለም ሕዝብ ሁሉ ስለ ራሱ ጥንት ሲማር የእኛን ወንዞችና መንደሮች ስም ይጠራል። ይህን በጨርቅ ለመጋረድ ከሁሉም የመጨረሻዎቹ መሆን የነበረብን እኛ ነን። ኃላፊዬ ጽሑፉን አንብበው ፋይል ውስጥ አኖሩት።

ልጆቹ መጡ። የተጋረደ ነገር ያየ ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ማንም ያውቃል፤ የኤሌክትሪኩን ክፍል ትተው ጨርቁ ዙሪያ ተሰበሰቡ። አንዱ ሬሳ ነው አለ፤ ሌላው ገና ያልተመረቀ ሐውልት ነው ብሎ ተከራከረ። አስተማሪያቸው «ለእናንተ የማይሆን ነገር ነው፤ ወደዚህ ኑ» ሲሉ፣ ከፊት የቆመች ቀጭን ልጅ ወደ እኔ ዞረች። «ሉሲ ናት አይደል? የተሸፈነችው ውሸት ስለሆነች ነው?»

በዚያ ቅጽበት የጨርቁ ጉዳት ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ልጅቷ ከፊቷ ሁለት መንገድ ብቻ ነበራት፤ ወይ ሳይንሱ ውሸት ነው፣ ወይ ሃይማኖቷ አንድ አጽም ማየት የማይችል ደካማ ነገር ነው። እኔ ሁለቱንም አላምንም፤ አስቀዳሽ ነኝ፣ ጾሜን እጾማለሁ፤ ድንቅነሽንም በየቀኑ አስጎበኛለሁ። «ውሸት አይደለችም። ዛሬ ያላሳየናችሁ ትምህርት ቤታችሁ እንድናልፈው ስለጠየቀን ነው» አልኳት። አስተማሪው ፊታቸው ተለዋወጠ፤ በሳምንቱ የአቤቱታ ደብዳቤ ደረሰን። የደብዳቤው ፍሬ ነገር አስጎብኚዋ ልጆቹን በትምህርት ቤቱ ላይ አነሳሳች የሚል ነበር።

ለስብሰባ ተጠራሁ። እዚያ ያቀረብኩት ነገር ቢኖር ይህ ጥያቄ በእኛ አለመጀመሩን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የናይሮቢው ብሔራዊ ሙዚየም ለእድሳት ተዘግቶ ሳለ፣ የኬንያ ወንጌላውያን ኅብረት መሪ የነበሩት ጳጳስ ቦኒፌስ አዶዮ «የቱርካና ልጅ» የተባለው አጽም ከዋናው አዳራሽ ወጥቶ ከኋላ ክፍል እንዲቀመጥ ጠየቁ። አጽሙ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ያገኘው ኬንያዊው ካሞያ ኪመው ነው። ኬንያዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሪቻርድ ሊኪ ጥያቄውን በአደባባይ ተቃወሙ፤ ሙዚየሙም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲከፈት አጽሙን ለሕዝብ አሳየ። በኢየሩሳሌም ደግሞ አንድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አጥባቂ የአይሁድ ቡድኖች ሲመጡ ስለ ሰው አመጣጥ የሚያሳየውን ክፍል በመጋረጃ ይሸፍን እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2018 በጋዜጣ ተዘግቧል። ኃላፊዬ ዝም ብለው ሰሙኝ። «ታዲያ ምን እናድርግ ነው የምትይው?» ሲሉኝ የመለስኩት አንድ ነገር ነው፦ ጨርቁን እናንሳና ወላጆቹን ሄደን እናነጋግር።

ፈቀዱልኝ፤ አብረውኝም መጡ።

ወላጆቹ የተሰበሰቡት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው። ክርክሩ እንደ ጠበቅኩት በአንድ ወገን የተሰለፈ አልነበረም። አንድ ጴንጤ አባት «ልጄ ከዝንጀሮ መጣሁ ብላ ቤት እንድትገባ አልፈልግም» አሉ። ሳይንሱ እንዲህ እንደማይል ነገርኳቸው። ዛሬ ካሉት ጭላዳዎችም ሆነ ቺምፓንዚዎች ሰው መጣ የሚል የለም፤ የሚባለው እኛና ቺምፓንዚዎች እጅግ ሩቅ በሆነ ዘመን የጋራ ቅድመ አያት ነበረን ነው። የድንቅነሽን የዳሌና የጉልበት አጥንት ፎቶግራፍ አሳየኋቸው። ዳሌዋ አጭርና ሰፊ ነው፤ የጭኗ አጥንት ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አካል እንዲህ ነው። የአንጎሏ መጠን ግን ከቺምፓንዚ ብዙ አይበልጥም። ቀጥ ብሎ መሄድ ከትልቅ አንጎል በፊት እንደ መጣ ካሳዩት ዋና ማስረጃዎች አንዷ እርሷ ናት። አባትየው ፎቶግራፉን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱትና «ፈጣሪ እንዲህ አድርጎ የፈጠራት ሌላ ፍጡር ብትሆንስ?» አሉ። አጥንቱ ማን ፈጠራት ለሚለው መልስ የለውም፤ እንዴት ትራመድ እንደነበር ግን ይናገራል አልኳቸው። የሰውን የዘረመል ካርታ ያዘጋጀውን ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የመሩት ፍራንሲስ ኮሊንስ ወንጌላዊ ክርስቲያን መሆናቸውንና ዝግመተ ለውጥን እንደሚቀበሉ ጨምሬ ነገርኳቸው። አልተረቱም፤ ስም ስለ ተጠራ የሚረታ ሰውም ብዙ አላጋጠመኝም።

አንዲት ሙስሊም እናት ስለ እንስሳቱ ምንም ቅሬታ እንደሌላቸው፣ ስለ አደም ግን ቁርኣን የሚለው እንደሚበቃቸው ተናገሩ፤ ልጃቸው ሁሉንም እንድትሰማ ፈቃዳቸው ነው።

ከዚያ የኔታ ተነሱ። የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ የመጽሐፍ መምህር ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኗን የዘመን ቀመር፣ ባሕረ ሐሳብንም ያስተምራሉ። «ልጄ፣ ከአዳም እስከ ጌታ ልደት 5500 ዓመት። 2017 ስትጨምሪበት 7517። ይህ ቁጥር ከእነ ስሌቱ አለኝ፤ ወንበሩ፣ አበቅቴው፣ መጥቅዑ፣ ሁሉም በየዓመቱ ይወጣል። ያንቺ 3.2 ሚሊዮን ስሌቱ የታለ? ወይስ እመኑኝ ነው የምትይው?»

ከጎናቸው የተቀመጠ ወጣት አስተማሪ ሊያግዘኝ ፈልጎ በአንድምታ ትርጓሜ አንድ ንባብ ብዙ ፍቺ ይሸከማልና ስድስቱ ቀናትም ረጅም ዘመናት ሊሆኑ ይችላሉ አለ። የኔታ ዞር ብለው አዩት። «አንድምታ ከመምህር የሚወረስ ነው፤ የወደድከውን የምትጨምርበት ከረጢት አይደለም» አሉት። ልክ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥድፊያ እምነቱንም ሳይንሱንም አይረዳም፤ ሙዚየም የቅዱስ መጽሐፍ ተርጓሚ የሚሆንበት ሥልጣን የለውም።

ስሌቱን ግን ተጠይቄአለሁና ማቅረብ ነበረብኝ። የተለካው አጥንቱ አይደለም አልኳቸው። ሐዳር ላይ አጥንቱ በተገኘበት አካባቢ ከእሳተ ገሞራ የወረደ አመድ በደለሉ መካከል ንብርብር ሆኖ ይገኛል። በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም የያዙ ጥቃቅን ማዕድናት አሉ። ከፖታሲየም ጥቂቱ፣ ፖታሲየም 40 የሚባለው ዓይነት፣ በራሱ ጊዜ ይለወጣል፤ ከሚለወጠው ከፊሉም አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ግን የሚፈጠረው አርጎን ማዕድኑ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ የታሰረውን አርጎንና የቀረውን ፖታሲየም የለካ ሰው፣ አመዱ ከቀዘቀዘ ምን ያህል ዘመን እንዳለፈው ያሰላል። የፖታሲየም 40 ግማሹ የሚለወጠው በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። በአጥንቱ አቅራቢያ ያለው አመድ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ።

የኔታ ቁጥሮቹን በማስታወሻ ደብተራቸው ጻፉ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። በመጨረሻም «ስሌት እንዳለው ሰማሁ። አልተቀበልኩትም። ነገር ግን ስሌት ያለውን ነገር በጨርቅ መሸፈን ነውር ነው» ብለው ተቀመጡ።

ስብሰባው ያለቀው በስምምነት ነው፤ በአንድ ሐሳብ ግን አይደለም። ሙዚየሙ የሰው አመጣጥን ክፍል አይሸፍንም፤ «ይህ ከብዙ ግምቶች አንዱ ነው» የሚል ጽሑፍም አይለጥፍም። ይህን ሁለተኛውን ከኮሚቴው አባላት አንዱ አጥብቀው ጠይቀው ነበር፤ ውሸት መጻፍ ስለሚሆንብን እንቢ አልን። በምትኩ ከጉብኝቱ በፊት በክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚታይና ምን እንደሚባል የሚዘረዝር ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ወላጅ ይደርሳል። ልጄ እንዳይገባ ያለ ወላጅ ይፈርማል፤ ልጁ በዚያ ሰዓት ሌላ አስጎብኚ ተመድቦለት በኤሌክትሪክ ክፍል ይቆያል፤ ማንም ለምን አልገባህም ብሎ አይጠይቀውም። እኛም የሃይማኖት ጥያቄ ሲቀርብልን ወደ ወላጆቻቸውና ወደ ንስሐ አባታቸው፣ ወደ ኡስታዛቸው ወይም ወደ ፓስተራቸው እንመራቸዋለን። በማንም እምነት መቀለድ ለአስጎብኚ ክልክል ሆነ። ይህ የመጨረሻው በእኔ አሳሳቢነት የተጻፈ ነው፤ ከእኛ መካከል ዝንጀሮ የሚለውን ቀልድ የሚወዱ ነበሩና። አንድ ልጅ በእናቱ ሃይማኖት ሲሳቅ ከሰማ በኋላ ስለ አርጎን የምነግረውን አይሰማኝም።

ትምህርት ቤቱ በዚያው ወሰነ ትምህርት ተመልሶ መጣ። አብዛኞቹ ልጆች ገቡ። ጴንጤው አባት የልጃቸውን መከልከያ ፈርመው ነበር፤ የየኔታም የልጅ ልጅ ኤሌክትሪክ ክፍል ቀረች፤ ፊርማቸው በቀይ ቀለም ነበር። እኔ ልጆቹ ሲያድጉ በሁለተኛ ደረጃ የታሪክና የባዮሎጂ መጻሕፍት ውስጥ ይህንኑ ትምህርት እንደሚያገኙት አውቃለሁና ያን ያህል አላዘንኩም። ውሳኔው የእነርሱ ነው። ሌላ አንድ ትምህርት ቤት ግን ጽሑፉን ካነበበ በኋላ ጉብኝቱን ጨርሶ ሰረዘ፤ እንደገና ብንጽፍለትም እስካሁን መልስ አልሰጠም።

የኔታ ራሳቸው በሌላ ቅዳሜ ብቻቸውን መጡ። ድንቅነሽን አንድ ጊዜ ተመልክተው አለፉና ስለ ዘመን አለካክ በሚናገረው ሰሌዳ ፊት ቆሙ፤ ደብተራቸውን አወጡ። «1.25 ቢሊዮን ዓመት ብለሻል። ማን ቆሞ ጠበቀው?»

ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ምርጡ ነው፤ ለአቅመ ጥናት የደረሱ ተማሪዎችም አንሥተውልኝ አያውቁም። ማንም አልጠበቀም አልኳቸው፤ ይቆጠራል። አንድ ግራም ተራ ፖታሲየም ቢመዘን በውስጡ በየሰከንዱ 31 ያህል አቶሞች ይለወጣሉ። በግራሙ ውስጥ ስንት አቶም እንዳለ ይታወቃል፤ በሰከንድ ስንቱ እንደሚለወጥ በመሣሪያ ይቆጠራል፤ ከሁለቱ ቁጥሮች ግማሹ የሚያልቅበት ዘመን ይወጣል። የኔታ በጣታቸው እየቆጠሩ አሰቡና «መቁጠሪያው አላችሁ?» አሉ። አልነበረንም።

ለኃላፊዬ የግዢ ጥያቄ ጻፍኩ፤ ያን ጊዜ ፋይል ውስጥ አላኖሩትም። ዛሬ ከሰሌዳው ሥር አነስተኛ የጨረር መቁጠሪያና ፖታሲየም ያለበት የማዳበሪያ ጨው በብርጭቆ ተቀምጧል። አፋር ውስጥ ዳሎል አካባቢ ያለውን የፖታሽ (የፖታሲየም ጨው) ክምችት የሚያሳይ ካርታም አጠገቡ ሰቅለናል። ልጆች መሣሪያውን ወደ ጨው ሲያስጠጉት ድምፁ ይደጋገማል፤ ሲያርቁት ይሳሳል። የኔታ መቁጠሪያው ከመጣ ወዲህ አንድ ጊዜ መጥተው ሰዓታቸውን አውጥተው አብረውን ቆጠሩ። የሚቀጥለው ጥያቄያቸው አመዱ ከቀዘቀዘ በኋላ አርጎኑ ሾልኮ ቢወጣስ የሚል ነው፤ መልሱን በጽሑፍ አዘጋጅቼላቸዋለሁ።