የመዝናኛ ጀልባን ወደ ጣና ማምጣትና የጉምሩክ ጣጣው

በውጭ አገር የሚኖሩ ወዳጆቻችን ለዕረፍት ባሕር ዳር በመጡ ቁጥር፣ «እዚያ ያለችኝን ባለሸራ ጀልባ ጣና ላይ ባመጣት ጉምሩክ ምን ይለኛል?» የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አብዛኞቹ በሜዲትራኒያን ከለመዱት ሥርዓት ተነሥተው ስለሚጠይቁ፣ አስቀድሞ እርሱን ማየት ይበጃል።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ ከኅብረቱ ውጭ የተመዘገበችና ባለቤቷም ከኅብረቱ ውጭ የሚኖር የግል መዝናኛ ጀልባ፣ ቀረጥና የተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይከፈልባት እስከ 18 ወር በጊዜያዊነት መቆየት ትችላለች። ወሳኙ ዜግነት ሳይሆን መኖሪያ ነው፤ አሜሪካ ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ የሚጠቀምበትን ይህን መብት፣ አቴንስ የሚኖረው ወንድሙ በራሱ ጀልባ ሊጠይቅ አይችልም። ጊዜው ሳያልቅ ከግሪክ ደሴቶች ወደ ቱርክ ተሻግሮ፣ የመውጣቱን ማስረጃ ይዞ የተመለሰ ሰው አዲስ 18 ወር ይጀምርለታል፤ ግሪክ ውስጥ ጊዜውን ያሳለፈ ግን ከቀረጡ ሌላ 24 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሊጠየቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚያመቸው ጀልባዋ በራሷ ተጉዛ ስለምትገባና ስለምትወጣ ነው። ጣና ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ለጀልባ መንገድ አይሰጥም። በሐይቁ ላይ የምትሠራው መርከብ ጣና ነሽ ሁለት እንኳ ከጅቡቲ የመጣችው በየብስ ተጭና ነበር። ስለዚህ እዚህ የምትደርስ ጀልባ በኤችኤስ ኮድ (በዓለም አቀፉ የሸቀጦች መለያ ቁጥር) 8903፣ በመዝናኛ ጀልባዎች ምድብ የምትመደብ ጭነት ናት፤ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) እና ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ማስታወቂያ ሰነድ) ያስፈልጓታል።

ሰውን የሚያስደነግጠው ስሌቱ ነው፤ አንዱ ታክስ በሌላው ላይ ይደረባልና። የማጓጓዣና የመድን ወጪ የተጨመረበት ዋጋ 100 ብር፣ ቀረጡም ለምሳሌ ያህል 20 በመቶ ቢሆን፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ የሚታሰበው በ120 ብር ላይ ሆኖ 18 ብር ይመጣል፤ 10 በመቶ ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣል ተደራቢ ታክስ) ደግሞ በ138 ብር ላይ ሲሰላ ጠቅላላው 151.80 ብር ይደርሳል። ኤክሳይዝ ታክስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ታክስ) ካለ ከተጨማሪ እሴት ታክሱ በፊት ይገባል፤ ለንግድ የሚያስመጣ ሰው ደግሞ 3 በመቶ ቅድመ ግብር (በኋላ ከገቢ ግብሩ ላይ የሚታሰብለት ክፍያ) ይከፍላል።

የእኛም የጉምሩክ ሕግ ተመልሶ ለሚወጣ ዕቃ ጊዜያዊ ማስገቢያን ያውቃል፤ ነገር ግን የቀረጥና ታክስ ዋስትና ማስያዝና ጀልባዋን እንደገና ጅቡቲ ድረስ ጭኖ ማውረድ ለአንድ ክረምት ሽርሽር የሚያዋጣ አይመስለኝም። ቁርጥ ሐሳብ ያለው ሰው ቢያንስ የታሪፍ ምደባውንና የጊዜያዊ ማስገቢያ ፈቃዱን ውሳኔ፣ ጀልባዋ መርከብ ላይ ከመጫኗ በፊት፣ በጽሑፍ ይቀበል።