የዲላን አልበሞች በቀረጻ ቅደም ተከተል፦ እስካሁን የደረስኩበት

«ብለድ ኦን ዘ ትራክስ» በመጨረሻ ገባኝ! እንደኔው የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቦብ ዲላንን አልበሞች አንድ በአንድ ለማዳመጥ የተነሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ «ከሁሉም ምርጡ ይሄ ነው» የሚባልለት የ1975 አልበም ነው። እኔ ግን እሱ ላይ ስደርስ ለረጅም ጊዜ ተገትሬ ቀረሁ። የመጀመሪያው ዘፈን ጭልጥ አድርጎ ይወስደኛል፣ አራተኛው ላይ ስደርስ ጆሮዬ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ትቼው ወደ 1966 እመለሳለሁ። አሁን ተሻግሬዋለሁ። ዛሬ በሰፊው የምጽፈው እንዴት እንደተሻገርኩት ነው፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እያልኩ አልፈዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ አካሄዴ። የማዳምጠው አልበሞቹ ለገበያ በወጡበት ሳይሆን ዘፈኖቹ በተቀረጹበት ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ዘፋኞች ላይ ይሄ ያን ያህል ልዩነት አያመጣም፤ ዲላን ላይ ግን ሁሉን ነገር ይቀይራል። በ1967 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ፣ ኋላ «ዘ ባንድ» ከተባሉት ሙዚቀኞች ጋር ምድር ቤት ውስጥ የቀረጻቸው ዘፈኖች «ዘ ቤዝመንት ቴፕስ» ተብለው የወጡት በ1975 ነው። በ1983 የቀረጸው «ብላይንድ ዊሊ ማክቴል» ደግሞ «ኢንፊደልስ» አልበም ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ እስከ 1991 ድረስ በይፋ አልወጣም። በወጡበት ዓመት ካዳመጣችኋቸው ሰውዬው በየዘመኑ ምን ሲያስብ እንደነበር ይምታታባችኋል። በተቀረጹበት ስታስቀምጧቸው ግን አንዱ ዘፈን ሌላውን ሲወልድ ይሰማል።

የመጀመሪያው፣ በ1962 የወጣው አልበም ብዙ አላቆየኝም። የራሱ ድርሰት የሆኑት ሁለት ዘፈኖች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት የቆዩ የፎክና የብሉዝ ዘፈኖች ናቸው። አንድ ሁለቴ ሰምቶ ማለፍ ይበቃል። የሚደንቀው በ1963 «ዘ ፍሪዊሊን ቦብ ዲላን» ሲመጣ ነው። ሃያዎቹን ገና የጀመረ ያው ልጅ፣ ያው ጊታርና ያው ሀርሞኒካ፤ ግጥሙ ግን የሌላ ሰው እስኪመስል ድረስ ተመንጥቋል። «አናዘር ሳይድ ኦፍ ቦብ ዲላን»ን በጁን 9፣ 1964 በአንድ ምሽት ነው የቀረጸው፤ ስንኝ መሃል ሳቁ ሲያመልጠው እንኳ አልበሙ ላይ ቀርቷል። እኔ ይሄን ልቅ አልበም ከሱ በፊት ከመጣው የተቃውሞ አልበም አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ብዙዎቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ።

በ1965 እና በ1966 ስለወጡት ሦስቱ ብዙ ተብሏልና አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን»ን አንዴ ኦርጋኑን ብቻ እየተከተላችሁ ስሙት። የሚጫወተው አል ኩፐር ነው። ስቱዲዮ የመጣው ጊታር ሊጫወት አስቦ ነበር፣ ኦርጋን ሙያው አልነበረም። ኮርድ ሲቀየር ሌሎቹን ሰምቶ ነው የሚከተለው፤ ስለዚህ ኦርጋኑ ከባንዱ በጥቂቱ ዘግይቶ ይገባል። ያችን መዘግየት አንዴ ከሰማችኋት ዘፈኑን ያለሷ ማሰብ ያቅታችኋል።

ደግሞ እስከ 1967 ድረስ ያለውን በሞኖ ስሙት። የመጀመሪያዎቹ ስምንት አልበሞች በ2010 በሞኖ ተሰብስበው እንደገና ወጥተዋል። ስቴሪዮው ድምፁን ወዲህ፣ ጊታሩን ወዲያ ይበትነዋል፤ በሞኖ ግን ሁሉም አንድ ላይ ተጠቅጥቆ ይመጣል። በዚህ ላይ አልደራደርም። በ1969 «ናሽቪል ስካይላይን» ላይ ያ ሻካራ ድምፅ በድንገት ልስልስ ይላል፤ ወደድኩት። የ1970ውን «ሰልፍ ፖርትሬት» ግን እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም፤ እንድትሰሙትም አልገፋፋም።

ወደ 1975 ልምጣ። ያስቸገረኝ አራተኛው ዘፈን፣ «አይዲየት ዊንድ» ነው። ወደ ስምንት ደቂቃ የሚጠጋ ንዴት። ዲላን እየጮኸ ይዘልፋል፣ ኦርጋኑ አብሮት ይጮኻል፣ ድራሙ አያርፍም። ከሱ በፊት ያለው ዘፈን አንጀት የሚበላ ነው፤ ከሱ በኋላ ያለው ደግሞ ቀለል ያለ የስንብት ዜማ። መሃል ላይ ይሄ ሁሉ ጩኸት ምን ይሠራል እያልኩ ስንት ጊዜ ተጣላሁት። ግጥሙን አውጥቼ አነበብኩት፤ ግጥሙ ድንቅ ነው። አላስገባ ያለኝ አዘፋፈኑ ነው።

ነገሩ የተፈታልኝ አልበሙ ሁለት ጊዜ መቀረጹን ሳውቅ ነው። ዲላን በሴፕቴምበር 1974 ኒው ዮርክ ውስጥ ስቱዲዮ ገብቶ በአራት ቀን ጨርሶት ነበር። ክፍሉ ራሱ በስድሳዎቹ የመጀመሪያ አልበሞቹን የቀረጸበት ነው፤ ያኔ የሙዚቃ አሳታሚው የኮሎምቢያ ነበር፣ በ1974 ግን ኤ ኤንድ አር የተባለው ስቱዲዮ ሆኗል። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ባንድ ነበረው፤ ብዙም ሳይቆይ አብዛኞቹን አሰናብቶ የቤዝ ተጫዋቹን ቶኒ ብራውንን አስቀረ። ጊታሩንም በተለመደው ቅኝት አልቃኘውም፤ ጣት ሳያርፍባቸው ክሮቹ ሲመቱ ሙሉ ኮርድ እንዲሰጡ አድርጎ ነው የቃኛቸው። የሙከራ ሸክላ ተዘጋጅቶ፣ ሽፋኑም ታትሞ ነበር። በገና ሰሞን ሚኔሶታ ሳለ ግን ወንድሙ ዴቪድ ድጋሚ እንዲቀርጽ ገፋፋው። በዲሴምበር 27 እና 30 ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ ሳውንድ 80 በተባለ ስቱዲዮ፣ ከከተማው ሙዚቀኞች ጋር ሆኖ ከአሥሩ ዘፈኖች አምስቱን እንደገና ቀረጻቸው። አልበሙ በጃንዋሪ 1975 ወጣ። ሽፋኑ አስቀድሞ ስለታተመ የሚኒያፖሊሶቹ ሙዚቀኞች ስም አልሰፈረበትም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ የአልበሙ ግማሽ የነሱ እጅ ሥራ ነው።

ይሄን ካወቅሁ በኋላ አልበሙን ለሁለት ከፈልኩት። 1ኛ፣ 3ኛ፣ 4ኛ፣ 7ኛና 8ኛው ከሚኒያፖሊስ ናቸው፤ የቀሩት ከኒው ዮርክ። እናንተም ሞክሩት። ምንም ሳትከፍሉት እንኳ ከአንደኛው ዘፈን ወደ ሁለተኛው ስትሻገሩ ጆሯችሁን ስጡ፦ ድራሙ ይጠፋል፣ አጃቢዎቹ ጊታሮች ይጠፋሉ፣ የሱ ጊታርና ቤዙ ብቻ ከድምፁ ጋር ይቀራሉ። በአንድ ትንፋሽ ከተማም ወቅትም ተቀይሯል። ስንት ጊዜ ሰምቼው ለምን ቤቱ እንደጠበበ አልገባኝም ነበር።

ቀጥሎ የተተዉትን የኒው ዮርክ ቅጂዎች ፈልጌ አገኘሁ። ሦስቱ በ1991 በወጣው፣ ሳይወጡ የቀሩ ቀረጻዎቹን በያዘው የ«ቡትሌግ ሲሪስ» ስብስብ ውስጥ አሉ፤ የኒው ዮርኩ ቀረጻ ሙሉው ደግሞ በ2018 «ሞር ብለድ፣ ሞር ትራክስ» ተብሎ በስድስት ሲዲ ወጥቷል። እዚያ ያለው «አይዲየት ዊንድ» አይጮህም። በዝግታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሱም የተጎዳ ሰው ሆኖ ነው የሚናገረው። ስድቡ ያው ስድብ ነው፤ ከአፉ ሲወጣ ግን ሐዘን ነው። ከዚያ ወደ ታወቀው ቅጂ ስመለስ ሐዘኑ እዚያም ከጩኸቱ ሥር እንዳለ ሰማሁት። በመጨረሻው አዝማች ላይ ስድቡን ራሱም ይጋራዋል፤ እዚያ ለመድረስ ነው ያን ሁሉ የሚጮኸው። አሁን ዘፈኑን አልዘልም።

የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን «ታንግልድ አፕ ኢን ብሉ» ላይ ፍርዴ ተቃራኒ ነው። የኒው ዮርኩ ቅጂ ብዙውን ታሪክ «እሱ» እያለ ይተርካል፤ ሚኒያፖሊስ ላይ «እኔ» ሆኗል። ከጊታር ተጫዋቾቹ አንዱ ኬቨን ኦዴጋርድ ዘፈኑ በድምፅ ከፍታው ከጂ ወደ ኤ ከፍ ቢል ይሻላል ብሎ ነበር፤ ከፍ ሲል ዲላን ለድምፁ መንጠራራት ነበረበት፣ መንጠራራቱም ዘፈኑን አስነሳው። የኒው ዮርኩን ቅጂ የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። በጥሩ ማዳመጫ፣ ጸጥ ባለ ቦታ ስሙት፤ ከክሮቹ ኋላ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር አለ። የልብሱ ቁልፍ ነው፣ እጁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የጊታሩን እንጨት እየነካ። ሌላ ሰው ቢሆን ቀረጻውን አስቁሞ ልብሱን ያወልቅ ነበር። እሱ ግን ዘፈኑ ሳይበርድ መያዝ ነበረበት። እኔ ከማንኛውም የሕይወት ታሪኩ በላይ ስለ አሠራሩ የነገረኝ ይህ ድምፅ ነው።

ብዙ አድናቂዎች የኒው ዮርኩ እንዳለ ቢወጣ ይሻል ነበር ይላሉ። አልስማማም። አሥሩንም የኒው ዮርክ ቅጂዎች በተከታታይ ሰምቻቸዋለሁ፤ ቅኝቱ ያው፣ ስሜቱ ያው ስለሆነ ወደ መጨረሻው ጆሮ ይዝላል። ሚኒያፖሊስ አየር አስገባበት። ለብቻ ለብቻ ግን የኒው ዮርኩን «ኢፍ ዩ ሲ ኸር፣ ሴይ ሄሎ» ከአልበሙ ቅጂ አስበልጣለሁ፤ እሱ ላይ ማንም አያሳምነኝም።

ስለ ትዳሩ መፍረስ የተጻፈውን ሁሉ አልበሙን ሳትሰሙ አታንብቡ። የትኛው ስንኝ ስለ ሚስቱ ነው እያሉ መልቀም ዘፈኑን ይገድለዋል። ይልቅ የሚጠቅመው በ1974 ኒው ዮርክ ውስጥ ኖርማን ሬበን ከተባለ ሠዓሊ ዘንድ ሥዕል መማሩን ማወቅ ነው። ዲላን ራሱ የዚህን አልበም ዘፈኖች እንዲጽፍ የረዳው ያ ትምህርት እንደሆነ ተናግሯል። ትናንት፣ ዛሬና ነገ እንደ አንድ ሥዕል ባንድ ጊዜ እንዲታዩ ነው የፈለገው። «ታንግልድ አፕ ኢን ብሉ» ላይ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ቢጠፋባችሁ አትጨነቁ፤ ሆን ተብሎ ነው።

ስለ ዘዴ ጥቂት ልጨምር። «ምርጥ ስብስብ» የሚባሉትን አልበሞች አትንኩ፤ በ1963 እና በ1975 የነበሩትን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ጎን ለጎን ያስቀምጡና ሁለቱንም ያበላሻሉ። አንድ አልበም ሳይሰለቻችሁ ወደሚቀጥለው አትሂዱ። ግጥሙን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ድምፁን ብቻ፣ ቃሉ ባይያዝም፣ ከዚያ ግጥሙን ያዙ። እንግሊዝኛው ሲፈጥን ብዙ ያመልጣል፤ ያምልጥ። የሚከነክናችሁ ስንኝ ተመልሳችሁ እንድትፈልጉት ያደርጋችኋል።

ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ የምለው እኔው ግን የሰማንያዎቹን አጋማሽ ዘልዬዋለሁ። ከ1976ቱ «ዲዛየር» ጋር፣ በተለይ ከስካርሌት ሪቬራ ቫዮሊን ጋር፣ ብዙ ቆየሁ። በ1979 «ስሎው ትሬን ከሚንግ» ላይ መንፈሳዊ መዝሙር ሲጀምር ማርክ ኖፕፍለር በጊታር ያጀበው ነገር ከጠበቅሁት በላይ ያዘኝ። ከ«ኢንፊደልስ» በኋላ ያሉት ላይ ግን የዘመኑ የድራም ድምፅ ዘፈኖቹን ይውጣቸዋል፤ ትዕግሥቴ አለቀና ዳንኤል ላንዋ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ፕሮዲዩስ ወዳደረገው የ1989 «ኦ መርሲ» አለፍኩ። ከመሃል የሚወደድ አልበም አለ የምትሉ ካላችሁ ስሙን ጻፉልኝና ተመልሼ እሰማዋለሁ።

አሁን ያለሁት የ1992 እና የ1993 አልበሞች ላይ ነው። ብቻውን፣ በአንድ ጊታር፣ የሌሎችን የቆዩ ዘፈኖች ይዘፍናል። በ1961 ስቱዲዮ ሲገባ ይዞ የገባው ዓይነት ዘፈን ነው፣ ድምፁ ግን የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። ከ1962ቱ አልበም ጋር እያፈራረቅሁ እሰማቸዋለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ያ የናቅሁት የመጀመሪያ አልበም ራሱ መጣፈጥ ጀምሯል።

ቀጥሎ የ1997ቱ «ታይም አውት ኦፍ ማይንድ» አለ፤ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ያገኘው። እዚያም ያው ጣጣ ይጠብቀኛል፦ ላንዋ በማሚቶ ያጀበው የ1997 ቅጂ አለ፣ በ2023 ደግሞ ያ ሁሉ ማሚቶ ተቀንሶለት እንደ አዲስ የተቀናበረ ቅጂ ወጥቷል። እኔ በ1997ቱ ልጀምርና ከከበደኝ ወደ አዲሱ ልሻገር ነው ያሰብኩት። ሁለቱንም የሰማችሁ ካላችሁ የትኛውን እንዳስቀደማችሁ ጻፉልኝ፤ በተለይ ወደ 17 ደቂቃ የሚጠጋው የመጨረሻው ዘፈን በየትኛው እንደሚሻል።