አራት ድምፅ በስድስት ክር

የጊታሬን ሦስተኛ ክር ከጂ ወደ ኤፍ ሻርፕ ዝቅ ካደረግሁት ሁለት ወር ሆነኝ። ማታ ማታ የምታገለው ከአንድ መዝሙር ጋር ነው፦ ስፔናዊው ቶማስ ሉዊስ ደ ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1572 ቬኒስ ላይ ካሳተመው «ኦ ማግኑም ሚስቴሪዩም» ጋር። የተጻፈው ለአራት ድምፅ ነው፤ እኔ ያለኝ አንድ ጊታር ነው።

መዝሙሩን ያወቅሁት እዚህ ሙኒክ፣ ቴኖር (ከፍ ያለውን የወንዶች ድምፅ) በምዘምርበት የመዘምራን ቡድን ውስጥ ነው። ቃሉ ላቲን ቢሆንም ባዕድ አልሆነብኝም። እንስሳት የተወለደውን ጌታ በግርግም ተኝቶ ማየታቸው እንዴት ያለ ታላቅ ምሥጢር ነው ይላል። ይህን ነገር እኮ ልጅ ሆኜ በልደት ሌሊት እናቴ ነጠላ ሥር ተሸጉጬ ስሰማው ያደግሁት ነው።

አጀማመሩ ቀና ነበር። መዝሙሩን በሙሉ ከጂ ወደ ኢ አወረድኩት። ሶፕራኖው፣ ማለት ከአራቱ ከፍተኛው ድምፅ፣ ከቢ ወደ ኢ ይወርድና ወዲያው ወደ ቢ ይመለሳል፤ በጊታር ሲሆን አንደኛው ክር ሰባተኛ ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ ያለ መከፋፈያ) ላይ፣ ከዚያ ያው ክር ሳይያዝ፣ እንደገና ሰባተኛ ፍሬት። ጣት ብድግ ቁጭ ይላል እንጂ ቦታውን አይለቅም። ሦስተኛውን ክር ያወረድኩት የሉትና የስፔን ቪሁዌላ (እንደ ጊታር በጣት የሚመቱ የድሮ መሣሪያዎች) ክሮች በድምፅ የሚራራቁት በዚያ ልክ ስለሆነ ነው፤ የዚያን ዘመን ታብላቸር (ጣት የትኛው ክር ላይ የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ አጻጻፍ) እንዳለ ለመምታት ይመቻል።

ጭንቁ የመጣው አራቱም ድምፆች ሲገቡ ነው። ሰው ረጅም ኖታ ሲዘምር ድምፁን መሐል ላይ ያሳድገዋል። ክር ግን ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየሞተ ነው የሚሄደው። ደግሜ ልምታው? በጥቃቅን ኖታ ልሙላው? የድሮ ሉት መቺዎች መሙላት ይወዱ ነበር። ሞከርኩትና አጠፋሁት፤ የዚህን መዝሙር ጸጥታ ረበሸብኝ። ጣት አልበቃ ባለበት ቦታ ደግሞ አንድ ድምፅ መተው ግድ ነው። ዝቅተኛው ድምፅ ባሱ ከተተወ መሠረቱ ይናዳል፤ ሶፕራኖው ከተተወ ዜማው አይታወቅም። በየገጹ የሚሰረዘው ቴኖሩ ሆነ፤ የገዛ ድምፄ። እርሳስ ይዤ ስሰርዘው በእውነት ከፋኝ።

ባለፈው እሑድ አዲስ አበባ ላለው አጎቴ በስልክ አሰማሁት። በገና ደርዳሪ ነው። ዝም ብሎ ጨረሰና፦

«ደስ ይላል ልጄ። የሚዘምረው ግን የታለ?»

«ጋሼ፣ ዜማው እኮ ጊታሩ ላይ አለ።»

«እሱማ ሰማሁት። ቃሉ የታለ ነው የምልህ።»

በገና ያለ ቃል አይደረደርለትም፤ ጥያቄው ከዚያ የመጣ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሚጌል ደ ፉዌንያና ትዝ አለኝ። ዓይነ ስውር የቪሁዌላ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1554 ሴቪያ ላይ ባሳተመው መጽሐፉ የዜማ ደራሲዎቹን የሞራሌስንና የጆስካንን ቅዱሳን ዜማዎች ለቪሁዌላ አዘጋጅቷል። ታብላቸሩ በቁጥር ነው፤ ከቁጥሮቹ መካከል አንዱ ድምፅ በቀይ ቀለም ይታተማል፣ መቺው እንዲዘምረው። ይህን ገጽ ስንት ጊዜ አይቼው አልፌዋለሁ!

ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁና የሰረዝኩትን ቴኖር በሙሉ መልሼ ጻፍኩት። አሁን ጊታሩ ሦስቱን ይይዛል፣ አራተኛውን እኔ እዘምራለሁ። «ኦ ቤያታ ቪርጎ» (ብፅዕት ድንግል ሆይ) የሚለው ቦታ ላይ እስከዚያ ሲከታተሉ የነበሩት ድምፆች በአንድነት ቀስ ብለው ይገባሉ። ትናንት ማታ እዚያ ስደርስ ክሩ ሲደክም የእኔ ድምፅ ቀጠለ። መጨረሻ ላይ ያለው አሌሉያ ገና ነው፤ በሦስት ምት ሲፈጥን እጄና አፌ ይለያዩብኛል። ሲሳካልኝ ለጋሼ እደውላለሁ።