ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ ትልቁን ፋይል አጠፋሁት

ፋይሉ ጠፍቶበት የሚያለቅስ ሰው ሳይ “ባክአፕ የለህም?” ብዬ የምመጻደቅ ሰው ነበርኩ፤ ባክአፕ ማለት ለክፉ ቀን የሚቀመጥ የፋይሎች ቅጂ ነው። እኔ ባክአፕ አለኛ! 150 ነበረኝ።

ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ሁሉ ተደምሮ 410 ጊጋባይት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ባክአፕ ሠራሁ፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ። (ገመዱን የሰካሁት ዩኤስቢ 2.0 ላይ ኖሯል፤ እሱ በሰከንድ 35 ሜጋባይት ገደማ ቢያሳልፍ ነው። አጠገቡ ፈጣኑ ሰማያዊው 3.0 ባዶውን ተቀምጧል።) “ይሄንንማ በየቀኑ አልችልም” አልኩና ከዚያ ወዲያ ያለውን ኢንክሪመንታል አደረግሁት። እሱ ከመጨረሻው ባክአፕ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ነው የሚወስደው። በየማታው ሁለት ደቂቃ፣ አለቀ።

ያልገባኝ ነገር፣ ሁለት ገጽ ብቻ ጽፌ በዋልኩበት ቀን እንኳ 4 ጊጋ መውሰዱ ነው። ጥፋተኛው የኢሜይል ፕሮግራሜ ነው፤ ደብዳቤዎቹን ሁሉ በአንድ 3 ጊጋ ፋይል ውስጥ ያጭቃል። አንዲት መልእክት ስትገባ ፋይሉ “ተለውጧል” ይባልና እንዳለ ይገለበጣል። ከፋይሉ ውስጥ የተቀየረውን ክፍል ብቻ ለይተው የሚወስዱ ፕሮግራሞች አሉ፤ የኔው ግን አይለይም። የቀረውን ቦታ የሚበላው የብሮውዘር ካሽ ነው፤ ድረ ገጽ ስከፍት ብሮውዘሩ ለራሱ የሚያስቀምጠው ጊዜያዊ ፋይል።

በአራት ወር 120 ኢንክሪመንታል፣ 480 ጊጋ። ሙሉው ሲጨመር 890። 1 ቴራ (1,000 ጊጋ) ነው ብዬ የገዛሁትን የባክአፕ ዲስክ ዊንዶውስ የሚቆጥረው 931 ጊጋ አድርጎ ነው፤ ስለዚህ “ቦታ እያለቀ ነው” አለኝ። ፋይሎቹን በመጠን ደረደርኳቸው። ከላይ አንድ ግንድ የሚያህል፣ አራት ወር የሞላው ፋይል ተጋድሟል። ከሥሩ ትኩስ ትኩሶቹ። ያረጀውን ምን ያደርግልኛል? ሺፍት ዲሊት፤ ቅርጫት ውስጥ እንኳ ሳይገባ ጠፋ። ዲስኩም ተነፈሰ፣ እኔም ተነፈስኩ።

ፕሮግራሙ ትንፍሽ አላለም። የሚያየው የትኛው ፋይል እንደተለወጠ እንጂ መነሻው መኖር አለመኖሩን አይደለማ! ለአንድ ወር ያህል በየማታው “በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል” እያለ አስተኛኝ።

ከዚያ ለኮምፒውተሬ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን የዲስክ ዓይነት) ገዛሁ። ባክአፕ አለኝ ብዬ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ፎርማት አደረግሁና ሪስቶርን፣ ማለትም ፋይሎቹን ከባክአፑ መመለሻውን፣ ተጫንኩ። “መነሻውን ሙሉ ባክአፕ ያስገቡ” አለኝ። ሪስቶር የሚጀምረው ከሙሉው ነው፤ ከዚያ ኢንክሪመንታሎቹ በተራቸው አንድ ባንድ ይከተላሉ። መሀል ላይ አንዱ ከተበላሸ ከእሱ በኋላ ያሉት አይታመኑም። እኔ ግን የቆረጥኩት ሥሩን ነው።

ጨነቀኝና 150ዎቹን በእጄ ከፈትኳቸው። ምን ተርፏል? የኢሜይል ፋይሌ፣ 150 ጊዜ። ካሹ በሙሉ ክብሩ። ያልጨረስኩት አንድ ማመልከቻ፣ በ31 ዓይነት አጀማመር። የሠርጋችን ፎቶ ግን የለም፤ ዘጠኝ ዓመት ማንም አልነካውም፣ ስላልተነካም አንዱም ኢንክሪመንታል ውስጥ አልገባም። የነበረው ትልቁ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው።

ዲፈረንሻል የሚባል ሦስተኛ መንገድም አለ። ከመጨረሻው ሙሉ ባክአፕ ወዲህ የተለወጠውን በሙሉ በየቀኑ ስለሚወስድ ለሪስቶር ሙሉውና የመጨረሻው፣ ሁለት ፋይል ይበቃል፤ ግን በየቀኑ እየወፈረ ይሄዳል። በኔ የኢሜይል ፋይል ግን ከኢንክሪመንታሉ ያን ያህል አይከብድም ነበር፤ ሁለቱም ያንኑ 3 ጊጋ ነው የሚጎትቱት።

አሁን ዲስኩ 2 ቴራ ነው። በወሩ መጀመሪያ ሙሉ፣ በየማታው ኢንክሪመንታል፣ ካሹ ከዝርዝሩ ወጥቷል። አሮጌውን የማጠፋው አዲሱ ሙሉ ባክአፕ አልቆ፣ ቬሪፋይ ተደርጎ (በትክክል መቀዳቱ በፕሮግራሙ ተረጋግጦ)፣ ሁለት ሦስት ፋይል ወደ ሌላ ፎልደር መልሼ ከከፈትኩ በኋላ ነው። ሳጠፋም መነሻውን ከነልጆቹ እንጂ ነጥዬ አይደለም።

ፎቶዎቹስ? ያደረግሁት ኩዊክ ፎርማት ነበር፤ እሱ ማውጫውን እንጂ ይዘቱን አይደመስስም። ዲስኩ ላይ ምንም ሳልጽፍበት በሪከቨሪ ፕሮግራም አብዛኛውን አወጣሁት። (አሮጌውም ኤስኤስዲ ቢሆን ኖሮ ትሪም የሚባለው፣ የጠፋውን ይዘት ከኤስኤስዲ የሚያጸዳው ትእዛዝ ጠራርጎልኝ ነበር።) ስማቸው ግን ከማውጫው ጋር ሄዷል። ከ14,000 በላይ ምስል፣ ሁሉም በቁጥር የተሰየመ፣ ግማሹ ከካሽ የመጣ የድረ ገጽ ቁልፍና ማስታወቂያ።

ባለቤቴ በየማታው “ደረስክ?” ትለኛለች። 6,000 ላይ ነኝ። ከሠርጉ እስካሁን የተገኘው ጫማዬ ብቻ ነው።