የኤሪክሰን የዕድሜ እርከኖች ከመንዝ ሲታዩ

የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ሥራው የሰውን ዕድሜ ከልደት እስከ እርጅና በስምንት እርከን ከፍሎ፣ በየእርከኑ ሰው የሚፈተንበትን ጥያቄ አስቀምጧል። ጨቅላው አሳዳጊውን ማመንን፣ ድክ ድክ የሚለው በራሱ መቻልን፣ ከፍ ያለው ደግሞ አንድን ነገር ራሱ አስቦ መጀመርን ይማራል። በእነዚህ በሦስቱ ላይ ሰሜን ሸዋ የተለየ የሚለው ነገር ያለው አይመስለኝም።

አራተኛው፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ገደማ ያለው፣ ትጋትና የበታችነት ስሜት የሚታገሉበት ነው። ብዙ ጊዜ ከክፍል ውጤት ጋር ብቻ ተያይዞ ይነገር እንጂ፣ ኤሪክሰን ራሱ በየትኛውም ባህል ልጆች በዚህ ዕድሜ የአዋቂዎችን ሙያ መማር እንደሚጀምሩ አመልክቷል። በመንዝ ደጋ በግ የሚጠብቅ የ8 ዓመት ልጅ የጎረቤትን በግ ከራሱ መንጋ በመልኩ ለይቶ ያወጣል፤ መንጋው ገብስ ውስጥ ሳይገባም ቀድሞ ይመልሳል። ይህ ብልህ እረኛ ዘግይቶ አንደኛ ክፍል ሲገባ፣ ፊደል ስላልለየ ብቻ «ሰነፍ» ይባላል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ አምስተኛው፣ የማንነት እርከን ነው። ኤሪክሰን እዚህ ላይ ኅብረተሰቡ ለወጣቱ ስለሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ፣ ማለትም የአዋቂ ኃላፊነት ሳይጫንበት ማንነቱን ስለሚፈልግበት ጊዜ፣ ይናገራል። ከገጠር መጥቶ ደብረ ብርሃን ከጓደኞቹ ጋር ክፍል ተከራይቶ የሚማር ልጅ፣ በሶና ቆሎው ሲያልቅ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ወጥቶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ቢመለስም፣ ማታ ማታ ሽሮ የማን ተራ እንደሆነ እየተከራከረ ምን መሆን እንደሚፈልግ የሚያስብበት ጊዜ አለው። ሕጉ 18 ዓመት ቢልም በ15 ዓመቷ የተዳረች እኅቱ ግን ይህ ጊዜ የላትም፤ ማንነቷን ሳታጠራ ስድስተኛው እርከን፣ የመቀራረብና የመገለል ጥያቄ፣ ቤቷ ድረስ መጥቶባታል። የሥነ ልቦና ምሁሯ ካሮል ጊሊጋን እ.ኤ.አ. በ1982 በሴቶች ሕይወት ማንነትና መቀራረብ አብረው እንደሚያድጉ በማሳየት ቅደም ተከተሉን ተችታለች፤ ትችቷ ተገቢ ቢሆንም ሳይጠየቁ ለተዳሩት መልስ ይሆናል ብዬ አላምንም።

ኤሪክሰን ያልተፈታ ጥያቄ በኋለኛ ዕድሜ ተመልሶ እንደሚመጣም ጽፏል። ሰባተኛው እርከን ተተኪን የማፍራት ጊዜ ሲሆን፣ በልጅነቷ ተድራ ዛሬ ልጇን ከተማ ልካ ለማስተማር ከባሏ ጋር የምትሟገት እናት፣ በእኔ አስተያየት፣ የአምስተኛውን እርከን ጥያቄም አብራ እየመለሰች ነው።