በመልካም ወደብ ቁልቁለት ላይ

ይህን እንድመሰክር ዕድሜ የሰጠኝ የድንግል ልጅ ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አምና እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ሳለ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ «ቅዱስ ጳውሎስ የደረሰበትን አገር አሳየኝ» አለችኝ። ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር አቴንስ ሄደን መኝታና ምድጃ ያለው ካምፐር ተከራየን፤ ከፒሬየስ ወደብም በሌሊት መርከብ ወደ ቀርጤስ ተሻገርን። ጠዋት ሄራክሊዮን ስንወርድ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ መሬቱን ሳመች።

ወደ ደቡብ ስንጓዝ ጎርቲን ላይ የቅዱስ ቲቶን ፍርስራሽ ቤተ ክርስቲያን አገኘን። ጳውሎስ በቀርጤስ የተወው፣ መልእክትም የጻፈለት ያ ቲቶ ነው። እማዬ ከድንጋዩ ሥር ብዙ ቆመች፤ ልጆቹ እንኳ አልረበሿትም። ግሪክ ውስጥ ካምፐር በየባሕር ዳርቻው አቁሞ ማደር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ማታላ ካለው የካምፕ ቦታ ልናድር፣ ከዚያ በፊት ግን መልካም ወደብን አይተን ልንመለስ አሰብን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የተጻፈችው መልካም ወደብ ዛሬም በዚያው ስሟ ነው የምትጠራው፤ በግሪክኛ ካሊ ሊሜኔስ ይሏታል።

ወደ እርሷ ለመድረስ ከመሳራ ሜዳ ተነስቶ የአስተሩሲያን ተራሮች ማቋረጥ ግድ ነው። አናቱ ላይ ስንወጣ ባሕሩ ከታች ወለል ብሎ ታየ። እማዬ ከኋላ፣ «ልጄ፣ በማርሽ ያዘው። አባትህ አባይ በረሃን ሲወርድ እኮ…» ብላ ጀመረች። «እሺ እማዬ» አልኩና በሦስተኛ ማርሽ ፍሬን እየረገጥኩ ቀጠልኩ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል አባይን ሊሻገር በወረደ ቁጥር እማዬ ሌሊቱን ቆማ ስትጸልይለት እያየሁ ነው ያደግኩት። ያን እያወቅሁ ምክሯን ንቄ ማለፌ አሁንም ያመኛል።

መጀመሪያ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተን። ቀጥሎ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሰመጠ። ደግሜ ረገጥኩት፤ ባዶ ነው። ሦስት ቶን ተኩል የሚደርስ መኪና ከአምስት ነፍስ ጋር ቁልቁል እየፈጠነ ነው፤ በቀኝ ገደል፣ ከፊት ኩርባ። ባለቤቴ ልጆቹን አቀፈች። ከአፌ የወጣው «አቤቱ ልጆቼን!» የሚል ብቻ ነበር። ቃሉን ሳልጨርስ እማዬ፣ «ወደ ሁለተኛ! ማርሹን ቀንሰው!» ብላ ጮኸች። በዚያ ድምፅ ተናግራ አታውቅም፤ አባቴ የተናገረ መሰለኝ። ቀነስኩ። ሞተሩ አጓራና መኪናውን ወደ ኋላ ያዘው። «አሁን ወደ አንደኛ! ወደ ተራራው ጥግ ያዝ!» አለችኝ። እጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ እየሳብኩ፣ መሪውን ወደ ግራ ሰብሬ ከመንገዱ ጠርዝ የተከመረ ጠጠር ውስጥ ገባሁ። ቆመ። ከአምስታችን ጭረት የነካው የለም። እግዚአብሔር ይመስገን! ደጋግሜ እላለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሽማግሌ እረኛ በፒክአፕ መጣ። ከጎማው የሚወጣውን ጭስ አይቶ አማተበና «ፓናጊያ ሙ!» አለ፤ «እመቤቴ!» ማለቱ ነው። እማዬ ግሪክኛ አታውቅም፤ ይህን ግን ገባት፤ እሷም አማተበች። መኪናው እስኪበርድ አብሮን ተቀመጠ። ከዚያ ከፊት ከፊታችን እየሄደ፣ እኛም በአንደኛ ማርሽ እያዘገምን፣ እስከ ወደቡ አደረሰን፤ የምናድርበት ክፍልም ለመነልን።

በማግሥቱ ከሚሬስ የመጣ መካኒክ ምክንያቱን ነገረን። የፍሬን ዘይቱ ሳይቀየር ቆይቶ ውኃ ስቧል፤ በቁልቁለቱ ግለት ሲፈላ እንፋሎት ፈጠረና የፔዳሉ ግፊት ወደ ፍሬኑ አልደርስ አለ። ዘይቱንና ሸራውን ቀየረልን።

ወደብዋ ላይ በቅዱስ ጳውሎስ ስም የተሠራች ትንሽ የጸሎት ቤት አለች። እማዬ አምስት ጧፍ ለእኛ፣ አንድ ደግሞ ለአባቴ አበራች። ምዕራፉን እኔ አነበብኩላት፤ የመቶ አለቃው እንዳይሄዱ ከመከራቸው ከጳውሎስ ይልቅ የመርከቡን መሪ አምኖ እንደሄደ የሚናገረው ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። እጄን ይዛ «ቀጥል ልጄ» አለችኝ። በኋላ በተሰበረው በዚያ መርከብ 276 ነፍስ ነበረ፤ አንድም አልጠፋ።

ተመልሰን ተራራውን ወጣን። ወደ መሳራ ሜዳ የሚያወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ መኪናውን አቆምኩ። አሁን እማዬ ከጎኔ ነበረች።

«እማዬ፣ በስንተኛ ልውረድ?»

«በሁለተኛ» አለችኝ።

በሁለተኛ ወረድኩ።